ጋሽ ኑሪ ጠፈር ላይ የሞቱ ጊዜ

ሰው በያዘው ነገር ረክቶ ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይወራ ነበር? መምህሩ ነጋዴ መሆን ያምረዋል፤ ነጋዴው ደግሞ ልጁን ዶክተር ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ በበኩሌ ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። ሪፖርት እጽፋለሁ። የታሰበውን እንደተጀመረ፣ የተጀመረውን እንዳለቀ አድርጌ ስጽፍ ኖሬ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የፈጠራ ጸሐፊ መሆን አማረኝ። "እስካሁንስ ምን ስትጽፍ ነበር?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የፊልም ድርጅት ለተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሐሳብ እየተቀበለ ነው ሲባል ሰማሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ እኔም ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው አዘጋጅ የፍቅርና የውርስ ክርክር እንደሰለቻት ነገረችኝ። "የእኔ የጠፈር ጉዞ ነው" አልኳት። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ፣ ሄሎ" ስል፣ "ይሁን፤ ግን ካራክተሮቹ ናቸው ታሪኩን መጎተት ያለባቸው፤ ታሪኩ ሰዎቹን እንዳይጎትታቸው" ብላ አስጠነቀቀችኝ። ቦንጋ የኖረ ሰው እዚህ ኮከብ እንደ ልብ እንደማይታይ ያውቃል፤ ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ ይተካል። እኔ ግን በቅጡ አይቼው የማላውቀውን ሰማይ ልጽፍ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያዋ ፕላኔት ጭቃ ቁርጥ የሺሺንዳን መንገድ መሰለብኝ። ሌላ ጭቃ የት አውቄ!

ሰዎቹንም ያው ከማውቃቸው ወሰድኩ። ካፒቴኑ፣ ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና፣ ዝምተኛ፣ አስተዋይ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። የእኔን ትከሻ የምታውቁ ሳቃችሁን ያዙልኝ። ሐኪሟ ቢታ ገነት ከተማ ነርስ የሆነችው የባለቤቴ እህት ናት፤ ስትናደድ በካፊኖኖ ቋንቋ ነው የምትቆጣው፣ ጠፈር ላይም አልተወችም። መካኒኩ ደግሞ ጎረቤቴ ጋሽ ኑሪ ናቸው። ከስልጤ መጥተው ሱቅ የከፈቱት እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። እሳቸው ዘንድ ከመርፌ እስከ ቆርቆሮ የማይገኝ የለም፤ የሌለ ዕቃ ብትጠይቋቸው እንኳ ያለውን አስማምተው ሸጠው ይሸኟችኋል። ማታ ማታ ሱቃቸው ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን የአገሩን ወሬ ሁሉ እናበጥራለን። መንኮራኩር ቢበላሽ ከእሳቸው ሌላ ማን ይጠግናል?

አዘጋጇ ግን በመጀመሪያው ክፍል አንድ የሚወደድ ሰው ይሙት አለች። ማን ይሙት? ካፒቴኑ አይታሰብም። የባለቤቴን እህት ገድዬ ደግሞ ቤቴ የምገባ አይመስለኝም። ቀሩ ጋሽ ኑሪ። ከመንኮራኩሯ ውጭ ብልሽት ሊጠግኑ ወጡ፣ የታሰሩበት ገመድ ተበጠሰ፣ ጨለማው ዋጣቸው። ስጽፈው እንባዬ መጥቷል፤ ሐሰት አይደለም።

ጥፋቴ መጻፌ ሳይሆን ወስጄ ማስነበቤ ነው። "ጋሽ ኑሪ፣ ፊልም ውስጥ አስገባሁዎት!" ብዬ በኩራት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ባንኮኒው ላይ ተደግፈው በዝግታ አነበቡት።

"ገመዱ ተበጠሰ" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"ይሁን፤ ገመድ ነው ይበጠሳል። ከዚያስ?"

"ከዚያማ ካፒቴኑ 'ጉዟችንን እንቀጥላለን' ይላል፣ ይሄዳሉ።"

"ለቅሶ ሳትቀመጡ?"

"ጠፈር ላይ እኮ ነው ጋሼ፣ የት ይቀመጣሉ?"

"ለዘሃራስ ማን መርዶ ነገራት?" ዘሃራ ባለቤታቸው ናቸው።

ገጹን ገለበጥኩ፤ መርዶ የሚባል ነገር አልጻፍኩም። "ካፒቴኑ አንተ ነህ አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኩ፤ ካፒቴን መሆኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳፈረኝ። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

በማግስቱ ሳሙና ልገዛ ብሄድ "ምን ልታዘዝዎት፣ አቶ ታደሰ?" አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ "አንተ" ሲሉኝ የኖሩ ሰው አንቱ ሲሉኝ ጊዜ፣ ሰው በአክብሮትም እንደሚገረፍ ገባኝ። ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ። ማታ በአግዳሚው በኩል ሳልፍ ተቀመጥ የሚለኝ ጠፋ። ከፋኝ። ድራማው ቢቀር እኖራለሁ፤ ያለ ጋሽ ኑሪ ጨዋታ ግን ምሽቱ አልገፋ አለኝ።

እንደገና ጻፍኩት። ካፒቴኑ መንኮራኩሯን አቆመ። በሬዲዮ ወደ ቦንጋ ተነገረና ሽማግሌዎች በማለዳ ዘሃራ ደጅ ሄዱ። ጠፈር ላይ ያሉት ደግሞ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። ችግሩ፣ ሰዎቼ ታሪኩን አንዴ መጎተት ከጀመሩ የሚያቆማቸው ጠፋ። በሦስተኛው ክፍል ሊወጉን ያዘጋጀኋቸው የሌላ ፕላኔት ጠላቶች በሁለተኛው ቀን እዝን ይዘው ከች አሉ። ጠብ ሌላ፣ ለቅሶ ሌላ። ምግብ ይዞ የመጣን ሰው ማን ይተኩስበታል? በሦስተኛው ቀን እርቅ ወረደ፤ ጦርነቴ ሳይጀመር አለቀ። ተስፋ ቆርጬ እንዳለ ላክሁት።

አዘጋጇ ደወለች። "ለቅሶው አስለቀሰኝ፤ ተቀብለነዋል። ጦርነቱን እርሳው፣ ከጠላቶቻቸው ጋር ጎረቤት ሆነው ይቀጥሉ" አለች። ዘለልኩ። "አንድ ነገር ብቻ። መካኒኩ ይሄን ያህል የሚወደድ ከሆነ መሞት የለበትም። ካፒቴኑ ይሙት።"

"ካፒቴኑ ዋናው ሰው ነው እኮ!"

"እሱ ይመስለዋል" አለችኝ። "ከማዘዝ በቀር ምን ይሠራል? ባይኖር ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም።"

ምን አደርጋለሁ፤ በሞቴ ተስማምቼ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋሽ ኑሪ ሱቅ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ከሞት ተነስተዋል። በእርስዎ ቦታ እኔ ሞቻለሁ" አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

"ቁጭ በል እስቲ" አሉ። ያቺን "በል" ስሰማ ሁለተኛ ሳልባል ቁጭ አልኩ። "እና እኛ ምን አደረግን?"

"ያው እንደ እርስዎ ነው ጋሼ፤ መንኮራኩሯን አቁማችሁ ሦስት ቀን ትቀመጡልኛላችሁ።"

"ሦስት ቀን? ለአንተ?" አሉ ወደ መደርደሪያቸው ዞር ብለው። "ሱቁን ማን ይከፍትልኛል?"

"ኧረ አንድ ቀን ይበቃዋል!" አሉ ዘሃራ ከጓዳ።

ነጋዴ ናቸው፣ ምን ይደረጋል። ተከራክረን ተከራክረን በአንድ ቀን ተኩል ተስማማን።