ሽማግሌ የተላከበት አጥቂ

እኛ የሆሳዕና ሰዎች (ሌላው ስለ ራሱ ይናገር) በአንድ ፊርማ የሚያልቅ ነገር ሲገጥመን ደስ አይለንም። የሆነ ነገር የተሰረቅን ይመስለናል። ነገር ማለት ሰው ሲሄድበት፣ ሲቀመጥበት፣ ጉሮሮ ሲጠረግበት ነው እንጂ፣ እስክሪብቶ ጫር አድርጎ መነሳት ምን ይባላል? አንዱ ጎረቤቴ አከራዩ የተበላሸ ቧንቧ እንዲያሠራለት ሦስት ሽማግሌ ልኮበታል። ሁለት ባጃጆች ገበያው ጋ ተነካክተው፣ ትራፊክ ፖሊሱ ደብተሩን ገልጦ እየጠበቀ፣ ሾፌሮቹን መንገደኛ ሽማግሌ አስታርቋቸው፣ ተቃቅፈው፣ ጭራሽ ፖሊሱንም አስመርቀው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ምስኪኑ ፖሊስ የገለጠውን ገጽ ምን ያድርገው?

ይህን የማወራው ልስቅበት እንዳይመስላችሁ። ልስቅማ እንዴት እችላለሁ? የዚህ ወሬ ዋና ጥፋተኛ እኔው ራሴ ነኝ።

ሙባረክን ጂኦግራፊ አስተምሬዋለሁ። አስተምሬዋለሁ ስል እኔ አስተምሬያለሁ፣ እሱ በመስኮት ሜዳውን ሲያይ ነበር። ዕድሜው አሥራ ሰባት፣ ግራ እግሩ ግን የሌላ ሰው ነው የሚመስለው፤ ሲመታ የሚሸሸው በረኛው ብቻ ሳይሆን ከግቡ ጀርባ ሻይ የሚጠጣውም ሕዝብ ነው። ሰኞ ዕለት የአንድ ሩቅ ከተማ ክለብ (የክለቡን ስም አልጠራም) ቡድን መሪ፣ ታምራት የሚባል ቱታ ለባሽ ጎረምሳ፣ መጥቶ ካየው በኋላ መቀመጥ አቃተው። የሁለት ዓመት ውል ይዞ ነበር። ልጁ አሥራ ስምንት ስላልሞላው የጎደለው የአባት ፊርማ ብቻ ነው። ፎቶ አንስቶ በስልኩ ይልከዋል፤ አለቀ። ግን የዝውውር መስኮቱ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ካለፈ፣ ታምራት ዱራሜ ላይ ያዘጋጀው ሌላ ግራ እግር አለ፤ የእሱ አባት ደግሞ ባጃጅ ላይ አስደግፎ በአንድ ደቂቃ ፈርሟል፤ ክለቡ ዱራሜን ትቶ ሙባረክን ያስቀደመው እስከዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ማክሰኞ ሙባረክ እቤቴ መጣ። ላብ በላብ ሆኗል።

«ቲቸር፣ አባቴን አናግርልኝ። እኔ ልነግረው አልችልም። ትምህርት ሳልጨርስ እሄዳለሁ ብለው ይገለኛል። ይሄ ካመለጠኝ ሌላ የለኝም፣ ወላሂ ሌላ የለኝም።»

እዚህ ላይ ነው እኔ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ ዓለሙን ሁሉ አውቃለሁ ባዩ፣ አፌን የከፈትኩት። «አባትህ ትልቅ ሰው ናቸው» አልኩት። «እንዲሁ በወረቀት አይነኩም። ሽማግሌ ይላክ።»

አባትየውን ማስተዋወቅ አለብኝ። ጋሽ ከድር ገበያ ውስጥ ስንዴ የሚነግዱ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሌሞ በኩል ከእንሰት ጀርባ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ከንግዳቸው ይልቅ የሚታወቁት በሽምግልናቸው ነው። እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ እዚህ አካባቢ ልጅ የሚድር ሰው እሳቸውን ሳያማክር አይድርም። የራሳቸውን አራት ሴት ልጆች ሲድሩ፣ ሽማግሌ በመጣ በሦስተኛው ቀን ካልሆነ «እሺ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት፣ ይላሉ፣ ልጁ የሰለቸው አባት ነው። እንግዲህ እኔ የላክሁት ሽማግሌ የሄደው ወደ እኚህ ሰው ነው። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት። አንዱ እኔ። ሁለተኛው ላምቤቦ፣ መናኸሪያ አውቶቡስ ሲያሰማራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ድምፁ እስካሁን ጡረታ ያልወጣ ጓደኛዬ። ሦስተኛ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። በመጨረሻ ታምራትን ራሱን፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመቱን ጎረምሳ፣ በቱታው ላይ የእኔን ጋቢ ደርበንለት ሽማግሌ አደረግነው። «አትናገር፤ ራስህን እየነቀነቅክ ተቀመጥ» አልነው።

ረቡዕ ጠዋት ደጃፋቸው ቆምን። ጋሽ ከድር ወጥተው አዩን፤ ሦስት ጋቢ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። ትከሻቸው ቀጥ አለ፣ ድምፃቸው ወፈረ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ፤ ግን የመጣ ሽማግሌ አይመለስም።

ላምቤቦ ተነስቶ አውቶቡስ እንደሚጠራ አድርጎ ጉዳዩን ተናገረ፤ ልጅዎን ሙባረክን ለክለባችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው፣ እግር ኳስ ተጫዋች ሊሆን ነው፣ ብሎ አንድም ሳያስቀር። ጋሽ ከድር እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም።

«ቤተሰቡ ምን ዓይነት ነው?» አሉ።

«የማን?»

«የክለቡ ነዋ! ጠባዩን ሳላውቅ ልጅ እሰጣለሁ? አሠልጣኙ ማነው? ስንት ዓመት ቆየ?»

ታምራት መነቅነቁን ረስቶ መለሰ። «አሁን ያለው አዲስ ነው። አምና ሦስት አሠልጣኝ ቀይረናል።»

«ሦስት!» አሉ ጋሽ ከድር፣ ወደ እኔ ዞረው። «በዓመት ሦስት ከፈታ ቤት ነው የመጣህብኝ?»

«ከዘመድ ልምከር፤ ነገ ተመለሱ» ተባልን። ስንወጣ ሙባረክ ከእንሰቱ መሃል ብቅ አለ። «ቲቸር፣ ፈረመ?» አይ ልጄ። ይባስ ብሎም ሌላ ነገር መጣ። «የተጠየቀ ልጅ ከቤት አይወጣም» ብለው አባቱ ልምምድ ከልክለውታል። ልጁ እንደ ሙሽራ ቤት ሊውል ነው። ኳሷን እንኳ ከአልጋ ሥር ባለ ሳጥን ቆልፈውባታል።

ሐሙስ ሄድን። እንግዲህ ሐሙስን እንዴት ልንገራችሁ! ጋሽ ከድር ከዘመድ ተማክረው ብቻ ሳይሆን ስለ እግር ኳስ ጠይቀው፣ ተዘጋጅተው ነው የጠበቁን። በልጄ ቦታ ላይ ሌላ ሰው አለ ወይ አሉ። ታምራት፣ የዋህ፣ አዎን አለ፤ ከውጭ የመጣ ልምድ ያለው አጥቂ አለ፣ ሙባረክ ለጊዜው ከእሱ በኋላ ነው።

«ጣውንት ላይ ነዋ የምትወስዱት!»

ላምቤቦ ሊያበርድ ሞከረ። ጣውንት አይደለም ጋሽ ከድር፣ ተጠባባቂ ይባላል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይማራል አለ። የባሰ ሆነ። ልጄ ምን አጥፍቶ ነው ሰው ሲጫወት ተቀምጦ የሚያይ? ታምራት ነገሩን ያሳመረ መስሎት ጣልቃ ገባ። «ካልተጫወተ እኮ ጋሼ፣ ለስድስት ወር ለሌላ ክለብ በውሰት እንሰጠዋለን።»

እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«ምን አደረጋችሁ?» አሉ ጋሽ ከድር ቀስ ብለው። «የሰው ልጅ ወስዳችሁ፣ ከወሰዳችሁት በኋላ፣ ለጎረቤት ታውሱታላችሁ?»

ነገ ከጁምዓ በኋላ ኑ ተባልን። ዓርብ! ታምራት ከግቢው ሳይወጣ ጋቢውን አውልቆ አቀበለኝ። ዛሬውኑ ዱራሜ እሄዳለሁ፣ እዚያ አባት ሳይሆን ፊርማ ነው ያለው፣ እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም አለ። እውነቱን ነው። ሙባረክ ይህን ከአጥሩ ጀርባ ሰማ። መጥቶ ከፊታችን ቆመ፤ አላለቀሰም፣ ጮክ ብሎም አልተናገረም። «እስከ ነገ ጠብቀኝ» አለው። «እዚህ ከቀረሁ እኮ ስንዴ ስመዝን ነው የምኖረው።» ታምራት አንዴ ልጁን፣ አንዴ እግሩን አየ። ጋቢዬን መልሶ ተቀበለኝ።

ያን ቀን በራሴ አፈርኩ። ልጁ የሰጠኝ አንድ አደራ ነው፤ እኔ ደግሞ ወግ ማዕረግ እያልኩ የሰው ዕድል ላይ ተቀምጫለሁ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ጋሽ ከድር ነጭ ለብሰዋል። «እሺ» አሉ፤ ገና ሳንጠይቃቸው። ታምራት ወረቀቱን መዘዘ። «በመጀመሪያ ምሳ» ተባለ። ልጅ ተሰጥቶ ሳይበላ የሚወጣ የለማ! በቅቤ የራሰ አተካና፣ ያ የእንሰት ቡላ ምግባችን፣ ቀረበ። እኔ አሁንም እየጎመጀሁ ነው የማወራላችሁ፣ ያን የመሰለ አተካና በሕይወቴ አልበላሁም፤ ታምራት ግን በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው ሰዓት ያያል። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። እጅ ታጠብን። አሁን ምርቃት። እኔ አጭር አደረግሁ። ላምቤቦ ግን፣ መቼም ጓደኛዬ ነው፣ ክለቡን መረቀ፣ ሜዳውን መረቀ፣ መረቡን መረቀ፣ የልጁን ቀኝ እግር «አንቺም አይቅርብሽ» ብሎ ለብቻዋ መረቀ። አሥር ሰዓት ከሩብ። ጋሽ ከድር መነጽራቸውን አስመጥተው ስድስቱን ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡ። አንድ ቦታ ቆም አሉ። «ሲጎዳ ያሳክሙታል ይላል» አሉ። «ይህችን ወድጄያታለሁ።» ከዚያ እንደገና አነበቧት።

ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ላይ ፈረሙ። ታምራት ፎቶውን ላከ፤ ስልኩ ላይ ያቺ የምትዞር ክብ ዞረች፣ ዞረች። ኔትወርክ! ሙባረክ ስልኩን ነጥቆ በሶምሶማ ከቤቱ ጀርባ ካለችው ኮረብታ ላይ ወጣ። አራት ደቂቃ ሲቀር ከላይ ሲጮኽ ሰማነው። ላምቤቦ እልል አለ። ወንድ እልል ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትስሙ።

ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ሸኘነው። ልጁ ከመስኮት ወጥቶ ሊበር ምንም አልቀረውም፤ አባቱን ሦስት ጊዜ ሳመ፣ እኔን ሳመኝ፣ ተሸካሚውንም ሳመው። አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ጋሽ ከድር እዚያው ቆመው ቀሩ። እኔ ደግሞ ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበር።

«ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ሰው ጨራሽ ነዎት» አልኳቸው። «በአራት ደቂቃ እኮ ነው የተረፈው። የዱራሜው ልጅ ሊወስደው ነበር። መፈረምዎ ካልቀረ ረቡዕ ቢፈርሙለት ምን ነበረበት?»

«ረቡዕ ብፈርም ሐሙስ ይሄዳላ» አሉኝ።

መልስ አልመሰለኝምና ቀጣዩን ጠበቅሁ።

«ይኸ ልጅ እናቱ ከሞተች ወዲህ ቀን ሜዳ ነው፣ ማታ ደክሞት ይመጣል፣ ይተኛል። አንድ ቤት እየኖርን ፊቱን አይቼው አላውቅም። ከቤት አትወጣም ባልኩት በሦስቱ ቀን፣ ቁርስም ምሳም እራትም አብረን በላን። ያቺን የቆለፍኳትን ኳስ አውጥተን በግራ እንዴት እንደሚመታ አሳየኝ። እኔ ስጠይቀው፣ እሱ ሲስቅብኝ...» እጃቸውን ወደ መንገዱ አወዛወዙ። «ስለዚህ ሦስት ቀን ወሰድኩበት። ከሁለት ዓመቱ ላይ ሦስት ቀን።»

እኔም ቀና ብዬ አውቶቡሱ የሄደበትን መንገድ አየሁ።

«ይህን ለእሱ ነግረውታል?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ይህን አሁን የነገሩኝን።»

«ለእሱማ የአባቶች ሥርዓት ነው አልኩት» አሉና ባጃጅ ጠሩ።