ንጉሥ የሌላቸው ፍየሎች

ግሪኮችና ፋርሶች ገና በጦር ሳይተዋወቁ፣ እንስሳት ሁሉ አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ ባሕር ከሚያህል ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት አገሮች ነበሩ። ከወዲህ ያለው ድንጋያማው የፍየሎች አገር ነው። ከወዲያ ያለው ደግሞ ዓይን የማይጨርሰው ሜዳ ሲሆን፣ አንድ አንበሳ ነግሦበት ፈረሱም፣ ግመሉም፣ ጎሹም በፊቱ ግንባሩን መሬት እያስነካ ይኖር ነበር።

ፍየሎቹ በዚህ ይስቁ ነበር። «እኛ ንጉሥ የለንም፤ እኛ ነፃ ነን» ይላሉ ጢማቸውን እያወዛወዙ። እውነትም ነገር ሁሉ የሚወሰነው በጉባኤ ነበር። እያንዳንዱ ፍየል አንድ ጠጠር ይጥላል፤ ነጭ ከሆነ «ይሁን»፣ ጥቁር ከሆነ «አይሁን» ማለት ነው። በዚያው አገር የሚኖሩት አህዮች ግን ጠጠር የላቸውም። ጉባኤው ረጅም ስለሆነ ተናጋሪዎቹን ውሃ ይጠማቸዋል፤ አህዮቹ ውሃ ያመላልሳሉ። ከእነሱ መካከል ቡሊት የምትባል ጠና ያለች አህያ፣ ስለ ነፃነት የተደረገውን ንግግር ሁሉ በር ላይ ቆማ ሰምታ ጨርሳዋለች።

አንድ ቀን ከአንበሳው ዘንድ ቀበሮ ተልኮ መጣ።

«ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ አይጠይቁም» አለ። «አንድ እፍኝ አፈርና አንድ ቅል ውሃ ላኩላቸው። መገዛታችሁ በዚያ ይታወቃል።»

ፍየሎቹ ሦስት ቀን ተከራከሩ። በአራተኛው ቀን ቀበሮውን ጉድጓድ ውስጥ ወረወሩትና «ሁለቱንም እዚያው ታገኛቸዋለህ» አሉት።

አንበሳው ይህን ሲሰማ ሠራዊቱን አስከትቶ ወንዙ ዳር ደረሰ። ሆኖም ወንዙ ሞልቶ ለመሻገሪያ የተሠራውን የእንጨት ድልድይ ይዞት ሄደ። ንጉሡ ተቆጥቶ ወንዙ ሦስት መቶ ጅራፍ እንዲገረፍ ፈረደበት። ጎሾች ተሰልፈው ውሃውን ሲገርፉ ዋሉ። አንድ ሹም ግመል አንገቱን ዝቅ አድርጎ አዳመጠና «ጃንሆይ፣ ይቅርታ እየለመነ ነው» አለ። ለዚህም ተሸለመ። በሳምንቱ ወንዙ ሲጎድል ተሻገሩ።

ፍየሎቹ በዚህ ጊዜ ጦሩን ማን ይምራ በሚል ቀንድ ለቀንድ ተያይዘው ነበር። ሾሌ የሚባል አንድ ብልህ ወጠጤ ይህን አይቶ ከጉባኤው ወጣና አህዮቹ ዘንድ ሄደ።

«እማ ቡሊት» አላት፣ «ሜዳ ላይ ከገጠምናቸው አለቀልን። ወደ ጠባቡ ሸለቆ ስበን እናስገባቸውና ከላይ ቋጥኝ እንልቀቅባቸው። ቋጥኙን የሚነቀንቅ ጉልበት ያለው ግን እናንተ ዘንድ ነው።»

«እኛስ ምን እናገኛለን፣ ጋሽ ሾሌ?»

«ጠጠር። እንደማንኛውም ፍየል።»

ቡሊት ጆሮዎቿን አቁማ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ዘመዶቿን ይዛ ወደ ገደሉ ወጣች።

የአንበሳው ሠራዊት ሾሌንና ጓደኞቹን እያሳደደ ሸለቆው ውስጥ ገባ። ከብዛቱ የተነሳ ወደፊት መሄድም ወደኋላ መመለስም አቃተው። ያኔ ቋጥኙ ወረደ። የቡሊት የበኩር ልጅም እግሩ ከድቶት ከቋጥኙ ጋር አብሮ ወረደ። አንበሳው በጭራው አቧራ እያራገፈ አገሩ ሲገባ፣ የቤተ መንግሥቱ በቀቀኖች «ግርማዊነታቸው ድንጋያማውን አገር ጎብኝተው በሰላም ተመለሱ» ብለው አወጁ።

ፍየሎቹ ለድሉ ሐውልት አቆሙ። አንበሳ የረገጠ ፍየል ነው፤ አህያ የለበትም። በምረቃው ቀን ሾሌ ተነሥቶ ለአህዮቹ የገባውን ቃል ተናገረ።

«አህያ ጠጠር ከጣለ» አለ አንድ ሽማግሌ ፍየል፣ «ውሃውን ማን ሊያመጣ ነው?»

ለዚህ መልስ ያለው አልተገኘም። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ሾሌ አህዮቹን ወዳጅ ያደረገው ሊነግሥ አስቦ አይደለም ወይ? ከአገር ይባረር በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጠ። ነጩ ጠጠር በዝቶ ከቅርጫቱ ፈሰሰ። ቅርጫቱን በጀርባዋ ተሸክማ ከፍየል ወደ ፍየል ያዞረችው ቡሊት ነበረች።

የሾሌን ጓዝ እስከ ወንዙ እንድታደርስ የታዘዘችውም እሷ ነች። ዳር ሲደርሱ ሾሌ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«አንበሳው ልኮብኛል» አላት። «ድል የነሣኝን ባማክረው ይሻለኛል ብሎ ሦስት መንደር ሊሾመኝ ነው።»

«ልጄን የቀበርነው እሱን ለመመለስ ነበር» አለች ቡሊት።

«አውቃለሁ። ሌላ የሚያስጠጋኝ የለም።»

ቡሊት ጓዙን ከጀርባዋ አራገፈች። ከዚያ ወደመጣችበት አልዞረችም፤ ውሃው ውስጥ ገባች።

«የት ነው የምትሄጂው?» አለ ሾሌ ደንግጦ። «ተመለሺ፣ እማ ቡሊት። እኔን ለምክር ይፈልገኛል፤ አንቺን ግን ይበላሻል።»

አህያዋ ውሃው ደረቷ ላይ እስኪደርስ ሄደች። ዘወር ሳትል መለሰችለት።

«ይብላኝ። እሱ ቢያንስ እየበላኝ ስለ ነፃነት አያወራልኝም።»