ጨው የፈሩላት ቮልስ

ለመኪናው እንደ ልጅ የሚሳሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ባሕር ማዶ፣ ጋርላንድ ከተማ፣ ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ታደሰ አሮጌ ቮልስ አላቸው። መንገዱ ላይ የበረዶ ማቅለጫ ጨው ከተነሰነሰ፣ «ጨው ቆርቆሮ ይበላል» ብለው ከጋራዥ አያወጧትም።

ባለፈው ጥር ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ የኩላሊት እጥበት ቀጠሮ ነበራቸው። ያን ጠዋት መንገዱ ሁሉ ጨው ተነስንሶበት ሳለ፣ ሌላው አዲሱ መኪናቸው አልነሳ አለ፤ የጠሩት ታክሲም ካንስል አደረገ። ጋሽ ታደሰ ቮልሷን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ምን ያድርጉ? እያዘኑ ቁልፉን አነሱ።

ከሰዓት በሰላም ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ቆሜ ነበር። ጋሽ ታደሰ ሞተሩን እንዳጠፉ ሙቅ ውሃ በባልዲ አምጥተው ጨውን ሊያጥቡ ቮልሷ ሥር ገቡ።

«ታዴ፣ ኧረ መጀመሪያ እኔን አውርደኝ!» አሉ እትዬ አልማዝ ከውስጥ።

«አንቺማ አትዝጊም፤ ትንሽ ታገሺ!»