መርፌ እበላለሁ ያለው ባላምባራስ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ራሱን ያገኘባት አይቀየም፣ ጎረቤቱን ያገኘባትም አይሳቅ። ድሮ፣ እንስሳት እንደኛ ስብሰባ በሚወዱበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ እትዬ ጃርት የምትባል ሐኪም ነበረች። ከጀርባዋ አንድ እሾህ ትነቅልና መድኃኒት ነክራ በሽተኛውን ትወጋለች፤ መርፌዋ እሱ ነው። የተወጋ ሁሉ ባይድንም የተወጋ ሁሉ ደስ ይለዋል።

የዚያ ጫካ ነዋሪ መቼም መርፌ ሲወድ ለጉድ ነው! ጦጢት ባስነጠሳት ቁጥር "ውጊኝ" ትላለች። ዝሆን ሆዱን ሲነፋው "ወፈር ባለው ይሁንልኝ" ይላል። እትዬ ጃርት "ይሄ እኮ በቅጠል ይድናል፣ አፍልተህ ጠጣ" ስትለው "ምነው፣ ንቀሽኝ ነው?" ብሎ ያኮርፋል። ቅጠል ይዞ የተመለሰ ታከመ አይባልማ! እሷም ጭቅጭቁ ሲሰለቻት ትወጋለች። መግል የነካው መርፌና ቁስል የተጠቀለለበት ቅጠል ከጎጆዋ ጓሮ ተከመረ።

"ጉድጓድ ቆፍሩልኝ፣ አቃጥዬ ልቅበረው" ብላ ብትለምን ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢዋ ጦጢት ነበረች። ፍልፈል ድንገት ወገቡን አመመው። ከርከሮ "ሐሳቡን በመርህ ደረጃ እደግፋለሁ" ብሎ ቁጭ አለ። ሁሉም አንዱ ሌላውን ሲጠቁም አያ ጅቦ ከኋላ ብድግ አለ።

"ምን ያደክማችኋል? የኔ ሆድ እያለ ጉድጓድ ምን ይሠራል? አጥንት የፈጨ ሆድ ለመርፌ ይሰንፋል እንዴ?"

ጫካው በጭብጨባ ተናጋ። አያ ጅቦ በዕድሜው ተጨብጭቦለት አያውቅም፤ "ሆዳም" ሲባል ነው የኖረው። ጦጢት እዚያው "የጽዳት ባላምባራስ" ብላ ሾመችው። እንባው መጣ፣ እውነቴን ነው። ቤቱ ገብቶ አንዲት ልጁን ስንቄን "ከዛሬ ጀምሮ የባላምባራስ ልጅ ነሽ" አላት። እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ ሰፈሩን ዞረች።

በማግስቱ ቅጠሉን በላ፤ ደህና ነው። መርፌ ሲውጥ ግን ጉሮሮው ላይ ቀጥ አለበት። ስሎ፣ ተንደባልሎ፣ በመከራ ተፋው። ታዲያ "አቃተኝ" ይበል? ባላምባራስ ያቅተዋል? የቀረውን ከጓሮው በስተጀርባ ወዳለው ገደል ገፋና ደረቅ ቅጠል አለበሰው። ከዚያ ወዲያ ሥራው ይኸው ሆነ። አላፊ አግዳሚ ሲያይ ደግሞ ሆዱን እየደባበሰ ያገሳል። መቼም ከጓሮ የጣልነው ነገር አገር ለቆ የሄደ ይመስለን የለ!

ክረምት ሲገባ ጎርፉ ገደሉን ጠርጎ መርፌውን ወንዙ መሻገሪያ ላይ አራገፈው። ዝንጀሮ መዳፉን ተወጋ። ጥንቸል ተወጋች። ሁሉም እያነከሰ እትዬ ጃርት ዘንድ ሄደ፤ መርፌ ለወጋው ቁስል መርፌ ተወጋ፤ ያም መርፌ ለባላምባራስ ተሰጠ፤ እሱም ገደል ሰደደው። ጦጢት በስብሰባ ላይ "ታካሚያችን በዝቷል፣ ጤናችን አድጓል!" ብላ አስጨበጨበች። አያ ጅቦም አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ!

አንድ ቀን ስንቄ ከወንዝ እያነከሰች መጣች። እግሯ አብጧል፣ ገላዋ ይፋጃል። አዝሏት ሮጠ።

እትዬ ጃርት ቁስሉን አየችና "አያ ጅቦ፣ ምን ወጋት?" አለችው። "የግራር እሾህ ከሆነ አጥቤ እሰዳታለሁ። የበሽተኛ ቁስል የነካው መርፌ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው፤ ያለቦታው ብሰጣት ይገድላታል። እውነቱን ንገረኝ።"

አያ ጅቦ ዞር አለ። የተሰለፈው ሁሉ "ባላምባራስ፣ እንደምን ዋሉ?" እያለ እጅ ይነሳዋል።

"እሾህ ነው" አለ።

ታጥባ ተመለሰች። በነጋታው እብጠቱ ጠቁሮ ጉልበቷ ደረሰ። "አባዬ" አለችው በደከመ ድምፅ፣ "የረገጥኩት የእትዬ ጃርትን መርፌ ነው። አንተ ግን በልቼዋለሁ ስላልክ ለማንም አልተናገርኩም። ውሸታም እንዳይሉህ ብዬ።"

አያ ጅቦ አቅፏት እየጮኸ ሰልፉን ጥሶ ገባ። "መርፌ ነው! አንዱንም አልበላሁም፣ ሁሉም ገደል ነው! ሹመታችሁን ውሰዱና ልጄን አድኑልኝ!"

እትዬ ጃርት መድኃኒቱን ሰጠቻት። ስንቄ ነፍሷ ተረፈ፤ እግሯ ግን ደርቆ ቀረ። "ትናንት ብትነግረኝ ኖሮ" ብላ እትዬ ጃርት ጀመረችና የአያ ጅቦን ፊት አይታ ተወችው።

ጦጢት "ነውር ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር በስብሰባ ነበር መቅረብ ያለበት" ብላ ተቆጣች። አያ ጅቦ ግን ከእትዬ ጃርት ጓሮ ሄዶ ብቻውን ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። እንስሳቱም መጥተው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጡና ስብሰባ ከፈቱ፤ አጀንዳው ክፍቱን የቀረው የባላምባራስነት ሹመት ነበር። ከርከሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

"ስለ ራሴ መናገር ባይሆንብኝ፣ የኔም ሆድ ቀላል አይደለም" አለ።

አያ ጅቦ ከጉድጓዱ ቀና አለ። "ወንድሜ ከርከሮ፣ ልጅ አለህ?"

"አለኝ እንጂ! አራት።"

"እንግዲያው ና፣ ውረድና ቆፍር። እኔ በላሁት ያልኩት የልጄን እግር በልቶታል።"