ጋሼ ቬነስና ያጀበኝ መብራት

ለሁሉ ነገር ማብራሪያ ያለው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አላየሁም። ሊፍቱ ለምን እንደቆመ ያውቃል፤ የአለቃ ፊት ለምን እንደጠቆረ ያውቃል። ለእኛ ለአብራሪዎች የደረሰን ደግሞ የሁሉም አውራ ነው፦ ክቡርነታቸው ጋሼ ቬነስ።

ጋሼ ቬነስ የአየር ትንበያ ባለሙያ ናቸው። ሰማይ ላይ ግራ የሚያጋባ መብራት ያየ አብራሪ ሲወርድ ጠባቡ ቢሯቸው ገብቶ ቃሉን ይሰጣል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዳምጣሉ፤ ማዳመጥ ከተባለ። ገና ሁለት ቃል ሳይናገር «ቬነስ ናት!» ብለው ይጽፋሉ። በዚያች በምሽትና በንጋት እንደ ኮከብ በምትደምቀው ፕላኔት ቅጽል ስም የወጣላቸውም ከዚሁ ነው።

አንድ ካፒቴን «ቀይ ነበር» ቢላቸው፣ «አድማስ ላይ ስትሆን ትቀላለች» አሉት። «ይንቀሳቀስ ነበር» ሲላቸው፣ «የምትንቀሳቀሰው አንተ ነህ» አሉ። «ሦስት ነበሩ» ያለቻቸውን ረዳት አብራሪ ደግሞ፣ አንዷ ቬነስ፣ ሁለተኛው ሳተላይት፣ ሦስተኛው መስኮቱ ላይ ያንጸባረቀ የራስሽ የንባብ መብራት ነው ብለው ሸኟት። ልጅቱ እስከ ዛሬ መብራቷን አጥፍታ ነው የምትበረው።

ባለፈው ወር ተራው ደረሰኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ነጭ መብራት በግራ ክንፌ በኩል ዐሥራ አንድ ደቂቃ አጅቦኝ ቆየና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት የካፒቴንነት ፈተና በሳምንቱ ነበር፤ ቢሆንም ያየሁት ምን እንደሆነ ካላወቅሁ ብዬ እልህ ያዘኝ። በማግስቱ ጠዋት ቢሯቸው ገባሁ።

«ቬነስ ናት።»

«ጋሼ፣ ወደ ላይ ተተኮሰ እኮ!»

«እንግዲያው ፊኛ ነው። የኛው የአየር መለኪያ ፊኛ።»

«ፊኛ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይከተለኛል?»

«ቢወድህስ?»

ደሜ ፈላ። ቅጹ ላይ «ምንነቱ ያልታወቀ» የምትል ሳጥን አለች፤ እሷ ላይ ምልክት ካላደረጉ ብዬ ድርቅ አልኩ። እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ከዚህ ቢሮ ያልታወቀ ነገር ወጥቶ አያውቅም!» በሩን ደርግሜው ወጣሁ።

ኮሪደር ላይ ያገኘኋት የሕክምና ክፍል ጸሐፊ ብሶቴን ሰምታ ሳቀች።

«አንተ ደግሞ! ሳጥኗ ላይ ምልክት ከተደረገ ዐይንህና አእምሮህ እስኪመረመር ሦስት ወር አትበርም። ደንብ ነው። እዚህ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ከጋሼ ቢሮ አንድ ሰው እንኳ ተልኮልኝ አያውቅም።»

በጣም አፈርኩ። ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ስላገኘሁት ገባሁ። ጠረጴዛቸው በስሌት ወረቀት ተሞልቷል። ቬነስ ተሰርዛለች፤ ሳተላይት ተሰርዟል፤ ፊኛም ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። ቅጹ ላይ ግን ቁልጭ ባለ ጽሑፍ «ፊኛ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማቸው አለ። በዕውቀቱ እንዲያ የሚኮራ ሰው ለእኔ ሲል ያላመነበትን ፈርሟል። እንዲያ የተናደድኩባቸውን ሰውዬ በአንድ ጊዜ ወደድኳቸው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ነበር?»

ኮሪደሩን ገልመጥ አድርገው በሩን ዘጉ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ይልቅ ሂድና ፈተናህን አጥና።»