የማይታየውን ፎቶ የሚያነሳ ሰው

ሰው ፎቶግራፍ የሚነሳው ሊታይ አይደለም እንዴ? ታዲያ የማይታየውን የሚያነሳ ሰው ምን ይባላል? እኔ እንጃ፤ እናንተ ንገሩኝ።

ጎንደር ፒያሳ ተሰማ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ካሜራ አግኝቶ፣ እንደ ሰው ሙሽራ ማንሳት ሲችል፣ «በዓይን የማይታይ የኮከብ ደመና አነሳለሁ» ብሎ ብርዳሙ ኮሶዬ ተራራ ላይ ወጣ። ካሜራው ዓይኑን ወደ ሰማይ ገልጦ ማደር አለበት አሉ። ተሰማ ግን ካሜራውን ደጅ ተክሎ፣ ውርጩን ፈርቶ አያ ቢምረው የሚባሉ ገበሬ ቤት ገብቶ ተኛ።

ፎቶው ታጥቦ ተሰማ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ፈሶበታል።

«ደመናው ይታይሃል?» አለኝ።

ምንም አልታየኝም። «አቤት ግርማው!» አልኩ። ከእኔ በፊት ያዩትም እንዲሁ ብለዋል፤ ማን ከማን ያንሳል?

ቅዳሜ ለገበያ የወረዱት አያ ቢምረው ሊጠይቁት ብቅ አሉ። ፎቶው የዚያን ሌሊት የተነሳ መሆኑን ሲሰሙ ግራ ገባቸው።

«ምነው፣ በምን ዓይኑ አየ? የእንግዳ ዕቃ ውርጭ ላይ አያድርም ብዬ ጋቢዬን አልብሼው አልነበር? ፀሐይ ከወጣች በኋላ እኮ ነው የገፈፍሁት!»

ተሰማ ፎቶውን አየ፤ የሽማግሌውን ጋቢ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያ ቢምረው፣ ጋቢውን ለአንድ ሌሊት ያውሱኛል?» አላቸው።

እኔማ ይኸው ጠዋት ጠዋት ጋቢዬን እንደተከናነብሁ፣ በሽመናው ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን ሳይ አረፍዳለሁ። ባለቤቴ «ምነው፣ አትነሳም እንዴ?» ትለኛለች። የማየው የትኛውን ሰማይ እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ብዬ ልነሳ?