ሁለት ክሬዲት ሸክላ

ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ገባች። ባለፈው ሳምንት የኮርስ ዝርዝር ዘርግታ፣ «አባዬ፣ ከባድ ከባዱ በዝቶብኛል፤ ማመጣጠኛ የሚሆን ቀለል ያለ ምረጥልኝ» አለችኝ። ለዚህ ጉዳይ እኔን የሚያማክር ሰው ታሪኬን ያልሰማ ብቻ ነው። እናንተም ካልሰማችሁ ልንገራችሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። ዳባት አቅራቢያ፣ ዳገት ላይ ባለች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ክፍል፣ አመሻሽ ላይ መሠረተ ትምህርት። የገበሬ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ። ለምን? ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ። ክረምት ሲመጣ ሰው ያርፋል፤ እኔ ለዲፕሎማ ኮሌጅ እገባለሁ። ዲፕሎማውን ካገኘሁ ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ እመደባለሁ። አንድ ኮርስ ከወደቅሁ ግን ስንብት ነው፤ ዕድሜ ልኬን ያንን ዳገት ስወጣና ስወርድ ልኖር ነው።

ሒሳብና ፊዚክስ ግዴታ ናቸው። የቀረችኝ አንዲት ምርጫ ናት። ዝርዝሩን ሳይ «እጅ ሥራ፣ ሁለት ክሬዲት» ይላል። ወረቀት መቁረጥ፣ ገመድ መግመድ ይሆናል ብዬ ቶሎ ፈረምሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? መምህሩ ዕጣ አወጡና ለእኔ የሸክላ ድስት ደረሰኝ። በሚቀጥለው ክረምት ሠርቼ አመጣለሁ፤ ድስቱ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ከተሰነጠቀ ዜሮ። ገዝቶ ማምጣትም አያዋጣም፤ እዚያው ፊታቸው ጭቃ እያቦካን እንፈተናለን አሉ።

በእኛ አገር ሸክላ የሚሠሩት ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። እኛ ድስታቸውን ገዝተን ወጥ እንሠራበታለን፣ ሠሪዎቹን ግን ቡዳ ናቸው ብለን እንፈራለን። ድስቱ አይበላንም፣ ሠሪዋ ትበላናለች ማለት ነው። ይህ ከንቱ እምነት ነው እያልሁ ለሕዝቡ የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ። ያም ሆኖ በመንደራቸው በኩል አላልፍም፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው የምሄደው።

ከመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቼ አንዷ እትዬ ብርነሽ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እያፈርሁ ጭንቀቴን ነገርኋቸው። «ለመንግሥት ትምህርት ድስት ያሠሩዎታል?» አሉ። አዎ አልሁ። «ታዲያ ጽሕፈቱ ምን ሆነ?» ቢሆንም ሊያሳዩኝ ተስማሙ።

ጥር ላይ ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ እየሄድሁ እማር ጀመር። መጀመሪያ እኔም ከሩቅ፣ እሳቸውም ከሩቅ ነው። መሣሪያውን መሬት ላይ ያኖሩልኛል፣ እኔ አነሣለሁ። መምህር ስለሆንሁ አፍረውኝ መስሎኛል። የመጀመሪያው ድስቴ ሳይደርቅ ተደፋ። ሁለተኛው በቅጡ ሳይደርቅ ሲተኮስ ፈነዳ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ብርነሽ ትዕግሥታቸው አለቀ መሰለኝ፣ «እንዲህማ አይሆንም፤ ካያያዝ ይቀደዳል» አሉና ሁለቱንም እጆቼን ይዘው ጭቃው ውስጥ ነከሯቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ይሉኝ ጀመር። «ገሉን ወቅጠህ ቀላቅልበት። የተሰበረ ያልገባበት ጭቃ እሳት አይችልም» ይሉኛል። እጄን ይዘው ያስተማሩኝ ስምንት ቀን ነው።

ወሬ መቼ ይደበቃል? እጄ በተያዘበት ቀን ማታውኑ እናቴ ሰማች። ልጄ ተበላ ብላ፣ ሸክላ በሠራሁ ማግስት ሁሉ ጎህ ሲቀድ እየጎተተች ጠበል ታስጠምቀኝ ጀመር። በዳባት የጥር ውርጭ ጠበል ምን ማለት እንደሆነ የተጠመቀ ያውቀዋል። ቡዳው ቢኖር ኖሮ ከእኔ ቀድሞ በብርድ ይሞት ነበር። ለእትዬ ብርነሽ አልነገርኋቸውም፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ያዝናሉ ብዬ።

ክረምት መጣ። ድስቴ ተጣደ፣ ውሃው ተንተከተከ፣ ድስቱ ንቅንቅ አላለም። መምህሩ ጭቃ ሲያስቦኩኝ እጄ ራሱ ያውቀዋል። ሒሳብና ፊዚክስን በእናቴ ጸሎት ለጥቂት አለፍሁ፤ በእጅ ሥራ ግን ኤ አገኘሁ። ሳይደግስ አይጣላም፤ ደባርቅም ተመደብሁ።

መስከረም ላይ ኩታ ገዝቼ ለምስጋና ሄድሁ። ባለቤታቸው አንጥረኛ ናቸው፤ ደጃፍ ላይ ማረሻ ይቀጠቅጣሉ። ኩታውን አዩና፣ «ይገባታል» አሉ። «እጅህን በያዘች ቁጥር ወንዝ ወርዳ መላ አካላቷን ሳትነከር ቤት አትገባም ነበር። በዚያ ብርድ።»

ለካስ በወጋቸው የሌላ ሃይማኖት ሰው የነካ ሰው ሳይታጠብ ከቤተሰቡ አይቀላቀልም። እኔ እሳቸውን ፈርቼ ጠበል፣ እሳቸው በእኔ ረክሰው ወንዝ። በአንድ ድስት ሰበብ ሁለታችንም ስንታጠብ ከርመናል።

የእኔንም ጉድ ነገርኋቸው። እትዬ ብርነሽ በኩታው አፋቸውን ሸፍነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንተ ከእኔ፣ እኔ ከአንተ። ውሃው ምን ብሎን ይሆን?» አሉ። እኔም ሳቅሁ።

ስመለስ ግን መንገድ ላይ ሳቁ ጠፋብኝ። ኋላ እሳቸውም እንደ ወገኖቻቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ ያሉበት ቦታ ይባረክ፣ ከልቤ ነው የምለው። ያን ቀን ያሰብሁትን ዛሬም አስበዋለሁ። እጄን ሳይነኩኝ ሊያባርሩኝ ይችሉ ነበር። እኔ ስምንት ጊዜ የታጠብሁት ለሁለት ክሬዲት ነው። እትዬ ብርነሽ ስምንት ጊዜ የታጠቡት ለዜሮ ክሬዲት ነው። ኮርሱስ እውነትም ቀላል ነበር፤ ለእኔ።